ገመድ የያዘ ሰው

ምስለኔያችን ስለ ድልድይ የሚያውቀው በላዩ በበቅሎ እንደሚታለፍ ብቻ ነበር። ይህም ከወገዳ በታች የሚሠራውን የወንዝ ድልድይ እንዲያዝበት በቂ ሆኖ ተገኘ። በንጉሡ ዘመን ሹመት ያለውን ሰው ይህን ታውቃለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ቦታው መረሬ፣ ጥቁር ጭቃ ነው። ምን ቢቆፈር ዐለት አይገኝም፤ ጉድጓዱም በማግስቱ ውሃ ሞልቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ከደብረ ታቦር የመጣው ካቦ የጥድ ግንድ ጫፉን እያሾለ፣ አናቱን እንዳይሰነጠቅ በብረት ቀለበት እያሰረ ወደ ታች ያስመታ ነበር። በመዘውር የሚንጠለጠል ከባድ ብረት አለ፤ እኛ በገመድ ወደ ላይ እንጎትተዋለን፤ ካቦው ልቀቁ ሲል ግንዱ አናት ላይ እንለቀዋለን። ግንዱ ቢመታ ቢመታ አልወርድም ያለ ጊዜ ጠንካራ መሬት ነካ ማለት ነው።

ታላቅ ወንድሜ ያዘነበለውን ግንድ የሚያቃና ነበር። ይህ ሥራ ከብረቱ ሥር ያስገባዋል። ካቦውም ለዚሁ ሲል፣ ገመዱ ከጉቶ ጋር ሳይታሰር ማንም ከሥር እንዳይገባ፣ ገመድ የያዘም ሰው ምንም ቢመጣ እንዳይለቅ አጥብቆ አዞን ነበር።

ምስለኔው አንድ ቀን ስናስርና ስንፈታ አይቶ፣ ይህማ ሥራ ማጓተት ነው ብሎ ከለከለ። ማሰሩ ቀረ። እሱን ያንገበገበው ግን ሌላ ነበር፤ ሲመጣ ጎንበስ አለማለታችን። ካቦው ሊያስረዳው ሞከረ።

«ጌታዬ፣ ብረቱ ተሰቅሎ ሳለ ገመድ የያዘ ሰው መስገድ አይችልም።»

«ባላገር እኔን አይቶ የሚገተረው ማን ነኝ ብሎ ነው?» አለና ፊቱን አዞረ።

ያገሬ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ሁለት ጊዜ አያስነግርም። ሹም ሲያይ ኩታውን አደግድጎ ለጥ ማለትን ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። ሞት ራሱ ቢመጣ እንዲህ አይደነግጥም።

በማግስቱ ብረቱን ሰቅለን ይዘናል፤ ወንድሜ ከሥር ገብቶ ግንዱን ያቃናል። በቅሎዋ ከዳገቱ ብቅ አለች። የሰው እጅ ሁሉ ባንዴ ገመዱን ትቶ ወደ ኩታው ሄደ። እኔ አልለቀቅሁም፤ ከሌሎቹ ብልጥ ሆኜ ሳይሆን ታች ያለው ወንድሜ ስለሆነ ነው። ገመዱ መዳፌን ልጦት ሄደ። ብረቱ ግንዱን ስቶ የወንድሜ እግር ላይ ዐረፈ።

ወንድሜ ሲጮህ ምስለኔው ምን ሆነ እንኳ አላለም። ጎንበስ ያለውን ሰው ሁሉ ከዳር እስከ ዳር አየና ደስ ብሎት አንገቱን ነቀነቀ። እኔና ካቦው ብረቱን ገፋነው፤ ንቅንቅ አላለም።

«ኧረ አንሡልኝ» አልኩ።

ሁሉም ሰምተውኛል። ግን ሹም ሳያልፍ ቀና አይባልም። ያን ብረት የሚያነሣ ጉልበት ሁሉ አጠገባችን ተሰልፎ መሬት መሬት ያያል። በቅሎዋም አትቸኩልም ነበር።