ሥር ያወጣው ግራዋ

እስከ ዛሬ ግራዋ ሳይ ልቤ ድንግጥ ይላል። ሰው ቅጠሉን ቀጥፎ ጋን ያጥብበታል፣ ሆዱን ሲቆርጠው አሽቶ ጭማቂውን ይጠጣል። እኔ ግን ዓይኔ የሚሄደው ሥሩ ወዳለው አፈር ነው።

አብዮቱ መጥቶ ዝናቡ የቀረበት ዘመን ነበር። ቤታችን መካነ ሰላም ዳር ላይ ነው። አባቴ የቀን ሥራ ፍለጋ ቆላ ወርዷል፤ የቀረነው እናቴና እኔ ብቻ ነን። አብዮት ጥበቃዎች የብረት ዘንግ ይዘው የየሰዉን ግቢ እየወጉ የተደበቀ እህል ይፈልጋሉ። የተገኘበት «አከማቺ» ተብሎ ይታሰራል፤ እህሉም ይወሰዳል። እኛ ያለን አንድ ጉድጓድ ገብስ ነው። እስከ መጪው አዝመራ የምንበላውም የምንዘራውም እሱው ነበር።

እናቴ ገብሱን ከጓሯችን፣ ከጎረቤታችን አጥር ሥር ቀበረችው። ገለባ አልብሳ፣ ድንጋይ ገጥማ፣ አፈር መለሰችበት። አዲስ የተቆፈረ አፈር ግን ከሩቅ ያስታውቃል። ስለዚህ የግራዋ ቅርንጫፍ ቆርጣ ላዩ ላይ ደርድራ ሰካች፤ የጠየቃት ካለ አጥር እየተከልኩ ነው ልትል። ግራዋ ቆርጠው እርጥብ አፈር ላይ ከሰኩት ይበቅላል። ጭንቁ እዚህ ላይ ነበር። ውኃ ካጠጣነው ገብሱ ይበሰብሳል፤ ካላጠጣነው ግራዋው ይደርቅና ያጋልጠናል።

እናቴ መላ አላጣችም። ጎሕ ሲቀድ ወንዝ ዳር ወርዳ አዲስ ቅርንጫፍ ታመጣና የጠወለገውን ትተካለች። እኔ በር ላይ ቆሜ መንገዱን እጠብቃለሁ፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር ሮጬ ለእናቴ እነግራታለሁ። እንዲህ ሆኖ የማያድግም የማይሞትም አጥር ነበረን። በጎረቤታችን በኩል፣ ጥግ ላይ ያሉት ጥቂቶቹ ብቻ ሳይተኩም አልጠወለጉም። እናቴ አማትባ «የእመቤቴ ሥራ ነው» አለች። እኔም አመንኩ።

ከሁሉ አብልጠን የምንፈራው ጎረቤታችንን ነበር። ብቻቸውን የሚኖሩ ሙስሊም አሮጊት ናቸው። በደጉ ዘመን ከእጃቸው ያልበላሁት የለም። አሁን ግን በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ደኅና አደራችሁ ሲሉን እንኳ እናቴ «ምን ሊያወጣጡን ነው?» ትል ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ ጠዋት ጥበቃዎቹ መጡ። አለቃቸው ገና ጢሙ ያልጠና ጎረምሳ ነው፤ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደ።

«ይኼ አፈር ለምን ተቆፈረ?»

«ለአጥር ነው ጌታዬ... ጓድ ማለቴ። ግራዋ ተክዬ።»

«በዚህ ድርቅ?» ብሎ ሳቀና አንዱን ጨብጦ ሳበው።

እናቴ እጄን ስትይዘኝ ጥፍሯ ገባብኝ። ሥር የሌለው እንጨት ተነቅሎ ሲወጣ፣ ዘንጉ አፈሩን ሲወጋ፣ እናቴን እጇን የኋሊት አስረው ሲነዷት ሁሉ ታየኝ።

ግራዋው አልነቀል አለ። ደግሞ ሳበው፤ አልመጣም። የያዘው የጥጉን ግራዋ ነበር። «በቅሏል» አለና እጁን አራግፎ፣ ጓደኞቹን አስከትሎ ወጣ።

እኔ በደስታ ልጮኽ ምንም አልቀረኝ። እናቴን ሳያት ግን ፊቷ አመድ መስሏል። «ሥር አውጥቷል» አለች። «ውኃ ከየት አገኘ?»

በሩን ዘግታ ጥጉን በእጇ ቧጠጠችው። ድንጋዩን ስታነሣ የሻጋታ ሽታ አፈነን። ገብሱ አቆጥቁጦ፣ ሻግቶ፣ እንደ ጭቃ ተጣብቋል። እጇን እስከ ክንዷ ሰድዳ ብትፈትሽ ደረቅ ሆኖ ያገኘችው ጥቂት እፍኝ ነው።

ይህን ጊዜ ጎረቤታችን ለሶላት የሚታጠቡበትን ማሰሮ እንደያዙ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ሄዱላችሁ? አልሐምዱሊላሂ! ግራዋሽ እንዳይደርቅ ብዬ እኮ ውዱ ባደረግሁ ቁጥር ውኃውን እዚህ ነው የማፈሰው...» አሉና ጉድጓዱን አዩት። «ወየው ልጄ! ምነው ብትነግሪኝ?»

እናቴ አልዋሸችም። «እርስዎን ፈርቼ ነው፣ እማማ።»

ማሰሯቸውን መሬት አስቀምጠው አለቀሱ። «በገዛ ግቢዬ ውኃ የማላፈሰው ለምን መሰለሽ? የኔም ማሽላ እዚያ ተቀብሮ ነው። እኔም አንቺን ፈርቼ ነው ያልነገርኩሽ።»

ከዚያ ሁለቱም ዞር ብለው መንገዱን አዩ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።