የእትዬ ያልጠረጠረ ድር

የሰፈሩ ሰው ስሟን ትቶ «እትዬ ያልጠረጠረ» ነበር የሚላት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለው ተረት ከአፏ አትጠፋማ! ወተት ስትገዛ ውሃ ገብቶበታል ብላ ጣቷን ትነክራለች፤ ሰው በሯ ላይ ሰላም ሲላት «ምን ፈልጎ ይሆን?» ትላለች፤ የጎረቤት ዶሮ ግቢዋ ገብታ ብትጭር እንኳ የላካት አለ። ክፉ ሴት ግን አልነበረችም። እጇም የተባረከ ነበር። እሷ የሸመነችው ብርድ ልብስ አባትን አሙቆ ልጅን ያሞቃል።

ሽመናውን ያስተማራት ባሏ ነው። ዓይኑ ቀስ በቀስ ጠፍቶ ከመሸመኛው ሲነሳ እሷ ተተካች፤ እሱም ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ክር ማጠንጠን ሥራው ሆነ። አንድ ልጃቸው የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። ሚስቱን እነሱ ዘንድ ትቷታል። ምራቲቱ ዝምተኛ፣ እጀ ፈጣን፣ አንዴ ከነገሯት የማትረሳ ልጅ ነበረች። ይሄም ለእትዬ ያልጠረጠረ አልተዋጠላትም። «ዝም የሚል ሰው የሚያስበው ነገር አለ» ትል ነበር።

እትዬ ያልጠረጠረ ከእናቷ የቀረ አንድ የአንገት ልብስ ነበራት፤ እንደ ተከፈተ ዓይን ያለ ጥለት የተሸመነበት። ያንን ጥለት ወደ ብርድ ልብስ ላምጣው ብላ ተነሳች። አልሆን አላት። የአንገት ልብሱ በቀጭን ክር የተሠራ ነው፣ የብርድ ልብሱ ክር ደግሞ ወፍራም ሱፍ። ጥለቱ እንዳለ ሲገለበጥ አንዱ ዓይን ትራስ አክሎ ቁጭ አለ። ክር ስትቀንስለት ደግሞ ተጨፈነ። ስትሠራ ስታፈርስ ከረመችና፣ በኋላ የዓይኑን መሃል ሳትነካ ከግራና ከቀኙ ብቻ ክር ቀነሰች፤ ጎን ለጎን ያሉት ዓይኖችም አንድ ጠርዝ እንዲጋሩ አደረገች። ያኔ አማረ። ደስ ሊላት ሲገባ ፍርሃት ያዛት። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ሸማኔ አለቻ!

ስለዚህ ወጥመድ አበጀች። የብርድ ልብስ ድር ጠርዙ ላይ ቶሎ ይላላል። እሷ በግራ ጫፍ ያሉትን ሁለት ክሮች ከሌላው ድር ጋር፣ ድሩ በሚጠቀለልበት ግንድ ላይ አትጠቀልላቸውም፤ ከመሸመኛው ኋላ ለብቻ አንጠልጥላ ጠጠር ታስርባቸዋለች፤ ጠጠሩ እየጎተተ ቀጥ አድርጎ ይይዛቸዋል። እነዚህን ሁለቱን ከሥራ ስትነሳ አንዱን በሌላው ላይ ታሻግራለች፤ ልትሸምን ስትቀመጥ መልሳ ታቃናለች። ጥለቱን ሊሰርቅ የመጣ ሰው ከጠርዝ ጀምሮ ክር ሲቆጥር ስህተቱንም አብሮ ይሰርቃል። ያን ጊዜ ማዶ የተሰቀለውን ብርድ ልብስ አይታ እጅ ከፍንጅ ትይዘዋለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለባሏም።

አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ክሮቹ ቀጥ ብለው ተንጠልጥለዋል። «ረስቼው ይሆናል» አለች። በሚቀጥለው ገበያም እንደዚያው። ክው አለች። ድመት ክር ያጠላልፋል እንጂ አያቃናም። ይህ ሥራውን የሚያውቅ እጅ ነው። ባሏ አያይም፤ ልጇ መንገድ ላይ ነው። ታዲያ ማን ቀረ?

ከዚያ ወዲያ ምራቷን በዓይኗ ትከተላት ጀመር። የማዶዋ ሸማኔ «እንዴት አደርሽ» ስትላት ልጅቷ «ተመስገን» ብላ መለሰች። እትዬ ያልጠረጠረ በር ኋላ ቆማ ሰምታ፣ «ምን አግኝታ ነው የምታመሰግነው?» አለች በሆዷ።

በዚህ መሃል ድሩ አለቀና አዲስ መጠቅለል መጣ። ይህ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ድሩን ከወዲያ ወጥሮ ይይዛል፣ ሌላው ግንዱን እያዞረ ይጠቀልላል። ምራቲቱ ያዘች፣ አማቲቱ አዞረች። አዞረች ይባል እንጂ ዓይኗ ኋላዋ ነበር። ሽመናው ሲጀመር ጨርቁ ጉድ ሆነ፤ አንዱ ዓይን ሲከፈት አንዱ ያንቀላፋል፣ የግራው ጠርዝ ተሸብሽቦ ቀረ። ቆሽቷ አረረ።

«አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ!»

«ምነው እማማ? ማሰሮው እየገነፈለብኝ ነው።»

«ይገንፍል። ክሮቹን ማን አቃናቸው? ድሩንስ ለምን ለቀቅሽብኝ? ለማዶዋስ እስከ ስንት ቆጠርሽላት?»

ልጅቷ እጇን በመቀነቷ ላይ ጠረገች። «ክር የሚያቃና ሌባ አይተው ያውቃሉ? ሌባ ሰርቆ ሲወጣ ቤት ይጠርጋል እንዴ?»

«ብልጥ ሌባ ይጠርጋል! ዱካው እንዳይታይ!»

«አመድ አፋሽ ሆንኩ በቃ» አለች ልጅቷ። ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም። «ልጅዎ ሲመጣ እህቷ ቤት ሄደች ይበሉት።» ገብታ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ስትጎትት ተሰማ።

እትዬ ያልጠረጠረ ባለችበት ቀረች። ልጅቷ ከሄደች ልጇም ከእንግዲህ መኪናውን የሚያቆመው እዚያ ነው። ይህን ታውቃለች።

ያኔ ሽማግሌው ከምድጃው አጠገብ፣ «ክሮቹን ያቃናሁት እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ? በምን ዓይንህ?»

«በጣቴ ነዋ። ገበያ ስትሄጂ ድሩን እዳብሳለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ይናፍቀኛል። ጠርዙ ላይ ሁለት ክር ተሻግሮ አገኘሁ። ሰው ይሳሳታል ብዬ አቃናሁት። እንደገና ሳገኘው ግን ሆዴ ባባ። የኔም ዓይን መሄድ ሲጀምር የሳትኩት ጠርዝ ላይ ነው። አንቺም ተራሽ ደረሰ ብዬ፣ እንዳይከፋሽ ዝም ብዬ አቃናልሽ ነበር።»

«ወጥመድ ነው» አለች።

«ለማን?»

«ለሰው ሁሉ።»

«ለኔም?»

ይቆጣል ብላ ስትጠብቅ ሽማግሌው ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። «ዓይንሽ ደህና ነዋ! አንቺ ሴትዮ፣ ስንት እንቅልፍ አሳጣሽኝ!» እጇን ይዞ ወደ ድሩ ወሰዳት። «ይኸው ዳብሺው። እዚህ ጠበቅ፣ እዚህ ላላ፣ እንደገና ጠበቅ። ወዲያ ያለው ያዥ ቢለቅ ኖሮ ወርዱ በሙሉ ይላላ ነበር። ይሄ የላላው ግራው ብቻ ነው። ቀኝ እጅሽ ግንዱን ያዞራል፣ ግራሽ ክሩን ይጠብቃል። ወደ ልጅቷ በዞርሽ ቁጥር ግራሽ ዘንግቶታል። ውሃ ቀጠነ እያልሽ የዞርሽው ሁሉ ይኸው እዚህ ተጠቅልሏል።»

ምራቲቱ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች።

«ድሩ ተፈትቶ እንደገና መጠቅለል አለበት» አለች እትዬ ያልጠረጠረ ወደ ግድግዳው እያየች።

«ይጠቅልሉታ።»

«ለብቻ አይሆንም።»

«የማዶዋን ይጥሯታ! እሷም ትቆጥርልዎታለች።»

ሽማግሌው ሳቁን በሳል ሸፈነ። አሮጊቷ ቀሚሷን ስትጎትት፣ ክር ስትለቅም ቆይታ፣ «በድዬሻለሁ» አለች። «የምፈልገው አንቺ እንድትይዢልኝ ነው።»

ልጅቷ ሻንጣውን አላስገባችም፤ የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጠችው። «እይዛለሁ። ዞር ብለው ካዩኝ ግን ለቅቄው ሄድኩ።»

ድሩን ፈትተው ዘረጉት። ልጅቷ ከወዲያ ወጠረች፣ አሮጊቷ ጀርባዋን ሰጥታ ማዞር ጀመረች። አንገቷ በላት። ቀኟ ያዞራል፣ ግራዋ ይጠብቃል። ሽማግሌው መዳፉን ድሩ ላይ አሳርፎ ቆሟል። አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር፣ ደህና ሄደ። ከዚያ መዳፉ ቆም አለ።

«ላላ» አለ።

«ምን ላላ? አልዞርኩም! ዓይኔን ግንባር ያድርገው አልዞርኩም!»

«አልዞርሽም። ፊትሽ ግን ምን አለ?»

ፊቷ መስኮት ነበር። የውጭ መዝጊያው ተዘግቶ መስታወቱ ጨልሟል፤ በውስጡ ምራቲቱ ድሩን እንደያዘች ቁልጭ ብላ ትታያለች።

አሮጊቷ ግንዱን እንደያዘች ደረቀች። ከኋላዋ የልጅቷን እርምጃ ሰማች። «በቃ ሄደች» አለች በልቧ፣ ግንዱንም ጨብጣ ቀረች።

ልጅቷ የድሩን ጫፍ በበሩ እጀታ ላይ አስራ ነበር። ሻርፗን ከትከሻዋ አውርዳ በመስኮቱ ላይ አንጠለጠለች፤ ጫፍና ጫፉን በሚገባ ወጥራ ሚስማር ላይ ሰካችው። ተመልሳ ድሩን ያዘች።

«አሁን ያዙሩ፣ እማማ።»

አሮጊቷም አዞረች።