ቆሻሻ ያልኩት አድራሻ

ኢሜይል የጠፋበት ሰው ኮምፒዩተሩን ሲረግም እሰማለሁ። እኔ አልረግምም። በዕድሜዬ ካየኋቸው ካድሬዎች፣ ጸሐፊዎችና መዝገብ ቤት ሠራተኞች ሁሉ የነገሩትን ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚፈጽም አንድ ያ ማሽን ብቻ ነበር። የጎዳኝም ስለታዘዘኝ ነው።

ሆሳዕና እንግሊዝኛ ሳስተምር ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ አንድ ኢንተርኔት ቤት ተከፈተ። ኮምፒዩተሩ አራት፣ መስመሩ አንድ። ጋዜጣ ይዤ እገባለሁ፤ አንድ ገጽ እስኪከፈት ርዕሰ አንቀጹን አንብቤ እናደዳለሁ። በሰፈራችን ኢሜይል ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ ደቡብ አፍሪካ የሄደ ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁሉ በእኔ አድራሻ መጠቀም ጀመረ። ልጆቹ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ይልካሉ፤ እኔ በወረቀት እገለብጥና ቤታቸው ሄጄ አነብላቸዋለሁ። ሥራው አያበላም፣ ግን ያስከብራል። ያን ጊዜ መምህርን የሚያከብር ብዙ ስላልነበረ ደስ ብሎኝ ያዝኩት።

ከሁሉም አጥብቃ ደብዳቤ የምትጠብቀው የጎረቤቴ ልጅ ነበረች። ሁለተኛ ደረጃ ያስተማርኳት ናት፤ ያን ጊዜ እሷም ሆመቾ ታስተምር ነበር። ዓርብ ዓርብ በሚኒባስ ወደ ወላጆቿ ትመጣለች፤ ቤቷ ሳትገባ የእኔን በር ታንኳኳለች። የምትጠብቀው ልጅም ተማሪዬ ነበር። ቃል ተገባብተው ሄዶ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከመንደር መንደር ብርድ ልብስ እየተሸከመ ይሸጥ ነበር። ስልኩን ዘርፈውት ቁጥሩ ስለጠፋ፣ በሁለቱ መካከል የቀረው መንገድ የእኔ አድራሻ ነው።

ልጁ ግን አንድ አመል ነበረው። ከደብዳቤዎቹ መሀል በየሳምንቱ ሁለት ሦስት የተላለፈ ጸሎት ይልክልኛል። ጸሎቱን እሱ አልጻፈውም፤ ከየት እንደመጣም አያውቅም። ለአሥራ ሁለት ሰው ካስተላለፍክ በሰባት ቀን በር ይከፈትልሃል፣ ካላስተላለፍክ ግን በሩቅ አገር ያለ አንድ ሰውዬ ንቆ ሰርዞት የደረሰበትን አስታውስ ይላል። ሰውዬው አንዳንዴ ሥራውን ያጣል፣ አንዳንዴ ልጁን። እኔ የተጣላሁት ከእምነቱ ጋር አይደለም፤ ከዛቻው ጋር ነው። ዛቻ ደግሞ በቀበሌም በትምህርት ቤትም በቂ ነበረኝ።

ዘመኑ የግምገማ ነበር። በየጊዜው እየተሰበሰብን እንገመገማለን፤ ያስተማርነው ልጅ ሰብሳቢ ሆኖ ድክመታችሁን ዘርዝሩ ይለናል። እኔ የምገመግመው ሰው ግን አልነበረኝም። ታዲያ አንድ ቀን ከደብዳቤው አናት ላይ ያቺን ቁልፍ አገኘኋት፤ ስፓም፣ ማለትም ቆሻሻ፣ የምትለዋን። ጸሎቱን መርጬ ተጫንኳት። ከፊቴ ጠፋ። ሳይከራከር፣ ቃለ ጉባኤ ሳያስፈርም ጠፋ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላውን ተጫንኩበት፣ ቀጥሎ ሌላውን። ከዚያ በኋላ ጸሎት መምጣቱን አቆመ፤ ልጁ የገባው መሰለኝ። ማሽኑ ግን የተረዳው ሌላ ነው። እኔ ጽሑፉን የጣልኩ ሲመስለኝ፣ እሱ የላኪውን ስም መዝግቦ ነበር።

በዚያው ሰሞን አዲሎ ከተማ የመኪና ጎማና ዘይት የሚሸጥ ሰው ለጎረቤቴ ልጅ ሽማግሌ ላከባት። አንዴ መጡ፣ ደግመው መጡ፤ አባቷ ከፋሲካ በኋላ ቁርጡን እነግራችኋለሁ አላቸው። በዚያ ዓርብ ኢንተርኔት ቤት አብረን ሄድን። እሷ ከኋላዬ ቆማ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ። ረጅም አልነበረም። «አባቴ ከፋሲካ በኋላ መልስ ሊሰጥ ነው። ትመጣለህ? ወይስ ትወስደኛለህ? ወይስ ተይኝ ትለኛለህ? ከሦስቱ አንዱን ጻፍልኝ።» ሰላምታ ልጨምርበት ስል አያስፈልግም አለችኝ።

የመጀመሪያው ዓርብ ምንም የለም። ሁለተኛውም እንዲሁ። ኢንተርኔት ቤቱን የምትጠብቀው ሴት ስመላለስ አይታ፣ የቆሻሻውን ማህደር ከፍቼ አይቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሰው ደብዳቤውን እዚያ እያገኘ ነው አለችኝ። ቆሻሻ የምበረብር ሰው አይደለሁም አልኳት።

«ጋዜጣውንስ በየሳምንቱ ይበረብሩ የለ እንዴ መምህር?» አለችኝ።

ሳቅኩ። ቀልዱን ወደድኩት፤ ማህደሩን ግን አልከፈትኩም።

በአራተኛው ዓርብ ልጅቷ በሬን ስታንኳኳ ዝናብ ነበር፤ ግቢ ብላት አልገባችም። መጣ ወይ አለችኝ፣ አልመጣም አልኳት። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ነገር ግን እኔ ብዙ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ በመስመሮች መካከል ያለውን አያለሁ ብዬ የማምን።

«መልሱንማ ሰጥቶሻል» አልኳት። «የሚፈልግ ሰው በአንድ ወር ውስጥ አንዲት መስመር መጻፍ አያቅተውም።»

የደብተር ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። እሺ መምህር ብላ ሄደች። ከፋሲካ በኋላ አባቷ እሺ አለ፣ ብዙም ሳይቆይ ሠርጉ ተደረገ። በሠርጉ ላይ ለሙሽሮቹ ምክር እንድሰጥ ጠይቀውኝ ነበር፤ ሰጠሁ። ስለ መተማመን ነበር የተናገርኩት።

ከሠርጉ ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጽሑፍ የላክሁለት የአዲስ አበባ ጋዜጣ አዘጋጅ ስልክ ደወለ። በኢሜይል መልሼልህ ነበር፣ ምነው ዝም አልክ አለኝ፤ ካልደረሰህ ስፓም ውስጥ ተመልከት። ያን ቀን ክፍለ ጊዜዬን ለባልደረባዬ ሰጥቼ እየተጣደፍኩ ሄድኩ። ልጅቷ በአራት ዓርብ ያላስከፈተችኝን ማህደር ለራሴ ጽሑፍ ስል በአንድ ጠዋት ከፈትኩት።

የአዘጋጁ ደብዳቤ አለ። አምስት ጸሎት አለ። ከጸሎቶቹ መካከል ደግሞ ርዕስ የሌለው አንድ ደብዳቤ አለ፤

«መምህር፣ ይህን ለእሷ ይስጡልኝ። እንደምታገቢ ሰማሁ። በሦስቱ ደብዳቤዎች ያልኩሽን አልደግመውም፣ ታውቂዋለሽ። መልስ አለመስጠትሽ ገብቶኛል። ትዳርሽን እግዚአብሔር ይባርክ። ከእንግዲህ በዚህ አድራሻ አልጽፍም።»

ሦስቱን ፈለግኩ። የኢንተርኔት ቤቱን ሴት ጠራኋት፣ እሷም ፈለገች። እዚያ የገባ ነገር በሠላሳ ቀን ራሱ ይጠፋል አለችኝ። ቀልድ አልጨመረችበትም። ለልጁ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ጽፌ ላክሁ። አልመለሰም። ደብዳቤውን በወረቀት አስወጥቼ በዱራሜ በኩል አዲሎ ወረድኩ።

ባሏ ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። አይደለም። የሚስቴ መምህር ብሎ ከሱቁ ወጥቶ ተቀበለኝ፣ ጓሮ ካለው ቤታቸው አስገብቶ ወንበር አቀረበልኝ፣ ለስላሳ ላምጣ ብሎ ወጣ። ወረቀቱን ያን ጊዜ ሰጠኋት፤ የት እንዳገኘሁትና ለምን እዚያ እንደገባም ነገርኳት። ቆማ አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«ሦስት ናቸው?»

«ሦስት።»

«ምን ይላሉ?»

«አላየኋቸውም። ጠፍተዋል።»

«ዓርብ ዓርብ ስጠይቅዎት ግን እዚያው ነበሩ።»

ነበሩ አልኳት። ወዲያው ደግሞ፣ ልጁን ፈልጌ በሰው በኩልም ቢሆን ምን ጽፎላት እንደነበረ እጠይቀዋለሁ ማለት ጀመርኩ፤ ደቡብ አፍሪካ የማውቃቸው ሌሎች ልጆች አሉ፣ አያቅተኝም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ተይኝ ብሎ ከነበረ እርስዎ ይገላገላሉ» አለችኝ። «ነይ ብሎ ከነበረስ እኔ ምን አደርግበታለሁ?»

ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችልኝ፤ እዚህ ቤት የማስቀምጥበት የለኝም አለች። ኪሴ ሳላስገባው ባሏ ሁለት ጠርሙስ ይዞ ገባ። በእጄ ያለውን አይቶ ምንድን ነው አለ። እሷ ቀደመችኝ፤ መምህር ለጋዜጣ የጻፉት ነው አለችው። ሰውየው ደስ አለው። ጠርሙሶቹን ከፍቶ ከፊቴ ካስቀመጠ በኋላ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እስቲ ያንብቡልን አለኝ።

«ገና አላለቀም» አልኩት።

እሷ ብርጭቆ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች፤ ለስላሳውን ጠጥቼ እስክነሳ ድረስ አልወጣችም።