ሳይደርስ የተለቀመው ወይን

ትናንት ከትምህርት ቤት ስንወጣ ጓደኛዬ ከሰው አጥር ላይ የቀጠፈችውን ወይን አፌ ውስጥ ከተተችልኝ። ጥሬ ነበር። ጥርሴ ሁሉ ጠረሰ፤ እሷ ትስቃለች። እኔ ግን አምስት ኪሎ መንገድ ዳር ቆሜ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድ ብሎ ያለው ግቢያችን ሸተተኝ፦ የረጠበ ቅጠል፣ ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ፣ መፍላት የጀመረ የወይን ጭማቂ። ልጅ ሳለሁ ጥሬ ወይን የለቀምንበትን ያን ቀን ነው የምነግርሽ።

ግቢያችን መሐል አንድ የወይን ሐረግ ነበር። በእንጨትና በሽቦ ርብራብ ላይ ወጥቶ ግቢውን እንደ ዳስ አልብሶታል። የጠዋት ብርሃን በቅጠሎቹ መሐል እየተንጠባጠበ ነበር ደጃችን የሚደርሰው። ባለሐረጉ አባባ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው፤ ከሰው ይልቅ ከሐረጉ ጋር ወሬ ያበዛሉ፣ ሲገርዙት እንኳ ይቅርታ እየጠየቁ ነው። ወይኑ ሲደርስ ግቢው ሁሉ ይወጣል። እናቶች ፍሬውን ከዘለላው ይፈለፍላሉ። ደህና ደህናው ቆርቆሮ ላይ ተሰጥቶ ዘቢብ ይሆንና ለቁርባን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። የቀረው የሚጣለው ጠጅ በምትሸጠው ጎረቤታችን ጋን ነበር። እሷ ጋኑን በወይራ እያጠነች፣ ማር ያልነካው ደግሞ ጠጅ ይባላል ወይ ብላ አባባን ትነካካቸዋለች።

"ያንቺን ንብ ለፍታበታለች" ይሏታል አባባ። "የኔን እኔው ነኝ የለፋሁበት።"

አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማር። ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ ከፍ ያለውን ዘለላ ያስነካኝ ነበር። በቀይ ሽብሩ ጊዜ አንድ ቀን ወሰዱት። ቆይቶ እንደተገደለ ተሰማ። አስከሬኑን አልሰጧቸውም፤ ማልቀስም ክልክል ነበር። ደጃፉ ላይ ድንኳን የተተከለበት፣ ነጠላ ዘቅዝቆ የታየ ቤተሰብ የቀረው ሰውም ይወሰድበታል ይባል ነበር። ስለዚህ እናቱ፣ እማማ፣ አላለቀሱም። ደጃፋቸው ላይ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እህል ተዉ። እናቴ ለአባቴ "ካላለቀሱ ይሞቱብናል" ስትለው ሰምቻለሁ።

አንድ እሑድ ጠዋት አባባ በየበራችን እየዞሩ ወይን እንልቀም አሉ።

ወይኑ ገና አረንጓዴ ነበር። አልደረሰም እኮ ልል አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እናቶች ሁሉ ስፌታቸውን ይዘው ወጡ። ጠጅ ሻጯ እንኳ አልቀለደችም። እማማን መሐል አስቀምጠው ከበቧቸውና ጥሬውን ዘለላ ጭናቸው ላይ አደረጉላቸው። መጀመሪያ የሚሰማው ፍሬው ስፌት ላይ ሲወድቅ ብቻ ነበር፣ ጠብ፣ ጠብ። ቀጥሎ አንዷ አንገቷን ደፍታ ማንጎራጎር ጀመረች። ያኔ እማማ ልጃቸውን በቤት ስሙ ጠሩት። አሁንም ማጠፊያው የዛገ በር ሲከፈት ያ ድምፅ ይመጣብኛል።

የግቢው በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ነበር፣ ጠመንጃውን አንግቶ። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከሟቹ ጋር እዚሁ ግቢ ኳስ ሲጫወት ያደገ። እናቶች ፍሬ ወደ መፈልፈላቸው ተመለሱ። የእማማ ትከሻ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

"የምን ስብሰባ ነው?" አለ።

"ወይን እየለቀምን ነው፣ ልጄ" አሉ አባባ።

ጎንበስ ብሎ ከእማማ ጭን ላይ አንድ ፍሬ አነሳና አፉ ውስጥ ጨመረ። እናቴ እጄን አጥብቃ ያዘች። ሲያኝክ አየሁት። መንጋጋው ቆም አለ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አልተፋውም፤ ዋጠው።

"ደርሷል" አለ። "ልቀሙ።"

ወጥቶ በሩን ከውጭ ዘጋና ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። በበሩ ሥር የጫማው ተረከዝ ይታየኝ ነበር። እናቶች እስኪወጣላቸው አለቀሱ፤ እሱ ከዚያ አልተነቃነቀም።

በዚያ ዓመት ዘቢብም ወይን ጠጅም አልነበረም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባባ ከግንዱ ሥር ቆፈሩ፤ ስፌቶቹ ጉድጓዱ ውስጥ ተገለበጡ። እማማ ገብተው የልጃቸውን ሹራብ ይዘው ወጡና ከላይ አለበሱት። ሁላችንም እፍኝ አፈር ጣልን፣ እኔም ጣልኩ። አባባ አፈሩን በመዳፋቸው ሲደለድሉ እማማ እጃቸውን ያዙት።

"አታጥብቀው" አሉ። "ይከብደዋል።"