ወደብ ሳንደርስ የተዘጋው አዳራሽ

ፍራንክፈርት ያለው የጡረተኞች ማኅበራችን በየወሩ አንድ ሰው ንግግር እንዲያደርግ ይጋብዛል። ለረጅም ጊዜ የሚጋበዙት ዶክተሮች ብቻ ነበሩ። አንዱ ስለ አፈር፣ ሌላው ስለ ሕገ መንግሥት፣ ሦስተኛው ስለ ሁለቱም እያወራ አስተኝቶናል። እኔ ዲግሪ የለኝም። በወጣትነቴ በመርከብ የሞተር ክፍል ሠርቻለሁ፤ የቀረውን መሀል ከተማው ኢነንሽታት ባለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ራሴን አስተማርኩ። አስተማሪውም ተማሪውም እኔው ስለነበርኩ ሁለቱም ጎበዞች ነበሩ።

ባለፈው መኸር ተራው ደረሰኝ። የመረጥኩት መርከባችን አንድ ጊዜ የቆመችባትን የማላያ፣ የዛሬዋ ማሌዥያ፣ የወደብ ከተማ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን ከኮረብታው የቆርቆሮ ማዕድን ሲወጣ፣ ማዕድኑን ወደ ባሕር ለማውረድ ሐዲድ ተዘረጋና በረግረጉ ላይ ከተማ በቀለች። እንግሊዞች እኛ ፈጠርናት ይላሉ፤ ጭቃው ውስጥ የቆሙት ግን ቻይናውያን የቀን ሠራተኞች ናቸው። ይህን አሳምሬ ከተናገርኩ ‘እሱማ መርከበኛ ነው’ እያለ የሚያልፈኝ ሰው አይኖርም ብዬ በጋውን ሙሉ ስዘጋጅ ከርሜ ነበር።

ጊንሃይም ሰፈር የተከራየነው አዳራሽ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሐኪም ዘንድ ቴርሚን የሚሉት ቀጠሮ ሲኖራቸው ቀድመው ደርሰው በር ላይ የሚቆሙ ሰዎች፣ ለእኛ ስብሰባ ሲሆን እየተንጠባጠቡ መጡ። ከዚያ አንድ አዛውንት መረቁን። ሊቀመንበሩ፣ የአፈሩ ዶክተር፣ ተነሥተው ኮሚቴውን አመሰገኑ፣ ምስጋናው ያመለጣቸውን እንደገና አመሰገኑ፣ ሰዓቱ አጭር መሆኑን ደግሞ በሰፊው አስረዱ።

“አሁን ጋሼ፣ በአጭሩ ቢያደርጉልን” አሉኝ።

ንግግሬ ውስጥ መርከባችን ወደቡን በሩቅ እንዳየች የአዳራሹ ጠባቂ፣ ሐውስማይስተሩ፣ ቁልፉን እያቅጨለጨለ ገባና ግማሹን መብራት አጠፋ።

“ኮሚቴው ይነጋገርበትና ሌላ ቀን ይቀጥላሉ” አሉ ሊቀመንበሩ። የእኛ ኮሚቴ የተነጋገረበት ነገር ሲፈጸም አይቼ አላውቅም።

ጊንሃይም ግን የባቡሩ መነሻ ነው፤ ሁላችንም በአንድ ባቡር እንሄዳለን። ሊቀመንበሩም ኖርድኤንድ ሰፈር ስለሚኖሩ ከእኛው ጋር ተሳፈሩ። ወንበር እንደያዝን ከተውኩበት ቀጠልኩ። ባቡር ውስጥ ሊቀመንበር የለም።

“አንተ ሰውዬ፣ ሞተር ክፍል ተዘግቶብህ ከተማውን በየት በኩል አየኸው?” አለኝ አንድ ኤርትራዊ ጓደኛዬ።

“ሞተሯ ታማ እኮ ነው የቆምነው። እኔ አክሜ አዳንኳት፣ ከዚያ ወረድኩ።”

እኛ ስንደርስ ማዕድኑ ካለቀ ቆይቶ ነበር። ባቡር ጣቢያው ሻይ ቤት ሆኗል። የወደቡ ሹም ግን ከነምክትሉ፣ ከነጸሐፊውና ከነማኅተሙ አለ። መርከብ ብርቅ ሆኖበት ስለነበር መልሕቅ ሳንጥል በጀልባ መጥቶ መርከባችን ላይ ወጣና የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ጀመረ። ምክትሉን አመሰገነ፣ ጸሐፊውን አመሰገነ። ሲጨርስ ባሕሩ ሸሽቶ መርከባችን ጭቃ ላይ ተቀምጣለች።

ከኋላዬ የተቀመጡት ሴቶች ሳቅ ሲያፍናቸው ሰማሁ።

“ይህችን አሁን ነው የጨመርካት” አለ ጓደኛዬ።

“ወረቀቴ ላይ አለች። አዳራሹ ነው ያልደረሰባት።”

“ይቀጥሉ እንጂ ጋሼ፣ እንዴት ወጣችሁ?” አለች አንዷ።

ውሃው እስኪመለስ ሻይ ቤቱ ውስጥ ከቆርቆሮ ቆፋሪዎቹ ልጆች ጋር እንደዋልን፣ የአባቶቻቸውን ሳል እንዴት እያስመሰሉ እንዳሳዩኝ ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም። እንዲህ የተሰማ ዶክተር በማኅበራችን ታሪክ የለም፤ ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ጓደኛዬም ባይወድም ያምናል።

ኢነንሽታት ስንደርስ ሊቀመንበሩ የባቡሩን መያዣ ብረት ይዘው ቆሙ።

“በማኅበሩ ስም፣ በመጀመሪያ…”

በሩ ተከፈተ። ሰው ሁሉ ወረደ፤ እኔንም ስለ ከተማዋ እየጠየቁ ከበቡኝ። እሳቸውም እዚያው ወርደው ባቡር መቀየር ነበረባቸው፤ ግን አልጨረሱም ነበር። በሩ ተዘጋባቸው። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ በመስታወቱ ውስጥ አየኋቸው፤ አፋቸው ገና እያመሰገነ ነበር።