ቀናው የጻፈው ቃልቤሳ

ደራሲ ቀናውን ታውቁታላችሁ? ካላወቃችሁት ተገላገላችሁ። ያኔ በየቀበሌው የፀረ ኤድስ ክበብ በነበረበት ዘመን፣ እኛ አቃቂ ቲያትር የሚጽፈው እሱ ነበር። በየቲያትሩ ሳሪስ ሄዳ የጨፈረች አንዲት ልጅ ይገድልና አዳራሹን ያስለቅሳል። አንድ ቀን የሚገድላት ልጅ አለቀችበት መሰለኝ፣ እኛ ቤት መጣ።

"ዳሲቱ፣ ስለ ወንድምሽ ልጽፍ ነው። ሕዝቡ እንደዚህ ስላሉ ሰዎች መማር አለበት" አለኝ።

ወንድሜ ቃልቤሳ ይባላል፣ ታላቄ ነው። የሰው ዓይን አያይም። ከኋላው ከነካችሁት ይደነግጣል፣ ጫጫታ ሲበዛ ጆሮውን ይይዛል። ስትጠይቁት ይመልሳል፣ ግን በራሱ ጊዜ ነው፤ ሻያችሁን ጠጥታችሁ ልትጨርሱ ትችላላችሁ። ወጥ እንጀራው ላይ ከፈሰሰ አይበላም፣ ለብቻው በሳህን ይቀርብለታል። በቃ ይኸው ነው። ይህ ምን ይባላል ብለን ሐኪም ጋ ወስደነው አናውቅም፤ ሰፈሩ ግን ያውቀው ነበር። ፊት ለፊቱ ቆመው "ቃልቤሳ" ይሉታል፣ ከዚያ ይጠብቁታል። የእድራችንን ድንኳን የሚተክለውም እሱ ነው። ሰው ሲሞት ካስማውንና መዶሻውን ይዞ ቀድሞ ይደርሳል፤ ለቅሶው ሲጋጋል ከድንኳኑ ጀርባ ዞሮ ገመድ ሲያጠብቅ ይውላል። ይህን ሥራ ማንም አዝኖለት አልሰጠውም።

ቀናው "ጥናት ነው" እያለ ተመላለሰ። በመጀመሪያው ቀን የተቀመጠው የቃልቤሳ መቀመጫ ላይ ነው። ቃልቤሳ መጥቶ ፊቱ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ተመልከቺ፣ እንዴት ያለ ጥልቅ ዝምታ ነው! ነፍሱ ሌላ ዓለም ውስጥ ናት" አለኝ ቀናው በሹክሹክታ።

"ነፍሱማ እዚሁ ናት። ተነስልኝ እያለህ ነው" አልኩት።

አልተነሳም እኮ! እኔን "ሲያመው ምን ያደርገዋል? እናታችሁ እሱን ሲያረግዙ ደንግጠው ነበር?" እያለ ያደርቀኛል። ቃልቤሳን አንዲት ጥያቄ አልጠየቀውም። ራሱን ጠይቀው ስለው፣ "እንዳላስጨንቀው ብዬ ነው" አለኝ። ወይ አሳቢነት! የጻፍከውን አንብብልኝ ስለው ደግሞ "ኪነ ጥበብ ነፃነት ትፈልጋለች" ብሎኝ አረፈው።

የቲያትሩ ቀን የቀበሌው አዳራሽ ጢም አለ። መጋረጃው ሲከፈት አንድ ጎረምሳ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ፣ ለሀጩን እያዝረከረከ ይስቃል። ወንድሜ በሕይወቱ ለሀጩን አዝረክርኮ አያውቅም፤ ሸሚዙንም እስከ አንገቱ ሳይቆልፍ ከቤት አይወጣም። ከዚያ እናትየው ታቅፈዋለች፣ ታለቅሳለች፣ ደግማ ታቅፈዋለች። በመጨረሻ ከእቅፏ ብዛት ዳነና ብድግ ብሎ ስለ ፍቅር የሚኒስትር ንግግር የሚያህል ንግግር አደረገ። ሰዉ ተንሰቀሰቀ። ቀናው መድረክ ላይ ወጥቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። አፈር ብላ! ተነስቼ "ውሸት ነው!" ብዬ ጮህኩ፤ በጭብጨባው መሀል የሰማኝ የለም።

በሳምንቱ ጎረቤታችን ጋሽ ቀጀላ አረፉ። ቃልቤሳ እንደ ልማዱ ምሰሶ ማቆም ሲጀምር ሴቶቹ ከበቡት። "አይዞህ የኔ ጌታ" እያሉ አንዷ ከኋላ ታቅፈዋለች፣ ሌላዋ ራሱን ትዳብሰዋለች። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ዱጉማ ምሰሶውን ከእጁ ወሰዱና፣ "አረፍ በል ልጄ፣ እስከ ዛሬም ግፍ ነው የሠራንብህ" ብለው ከአልቃሾቹ መሀል አስቀመጡት። ቃልቤሳ ጆሮውን ይዞ ጮኸ። እንዲያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

"ይኸው፣ ልክ እንደ ቲያትሩ!" አለች አንዷ፣ ይባስ ብላ ጥብቅ አድርጋ አቀፈችው። እንደምንም አስለቅቄ ወደ ቤት ወሰድኩት። ስንት ዓመት የሚያውቁትን ሰው በአንድ ቲያትር እንዴት ይረሱታል?

ከዚያ ወዲያ ቃልቤሳ ድንኳን እንዳይነካ ተባለ። በርኅራኄ ነው አሉ! እሱም መዶሻውን ጭኑ ላይ አድርጎ ግድግዳ እያየ ይውል ጀመር። ከሰው ጋር የሚያገናኘው ያ ሥራ ብቻ ነበር፤ እሱን ካጣ ከበር እንደማይወጣ አውቄዋለሁ። ስለዚህ ሥራውን መልሱለት ልል፣ ወደ እድሩ ስብሰባ ይዤው ሄድኩ።

ጋሽ ዱጉማ ማንን አስጠርተው ቢጠብቁኝ ጥሩ ነው? ቀናውን! "ጉዳዩን ያጠና ሰው ነው" አሉ። ቀናውም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "እንደነዚህ ያሉ ወገኖቻችን የሚፈልጉት ፍቅር እንጂ ሥራ አይደለም" ብሎ ጀመረ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሽ ዱጉማ" አልኩ። "ባለጉዳዩ እዚህ ቁጭ ብሏል። ለምን እሱን አይጠይቁትም?"

ጋሽ ዱጉማ አፈሩ መሰለኝ፣ መጥተው ፊት ለፊቱ ቆሙ። "ቃልቤሳ፣ ድንኳን መትከሉን ለምንድን ነው የምትፈልገው?"

ዝም አለ። ሰዉ መቁነጥነጥ ጀመረ፣ አንዱ ሳል ሳል አለው። ቀናው አላስቻለውም፤ "እሱ ማለት የፈለገው..." ሲል፣

"ገና ነኝ" አለ ቃልቤሳ።

ቀናው አፉን እንደከፈተ ቀረ። ደስ ሲል! እንደገና ጠበቅን። ከዚያ ቃልቤሳ ወለሉን እያየ፣ "ሰው ሲሞት ምን እንደሚባል አላውቅም። እናንተ እግዜር ያጥናችሁ ትላላችሁ። እኔ ድንኳን እተክላለሁ" አለ።

የጋሽ ቀጀላ ሚስት እትዬ አደሴ ከነጥቁር ልብሳቸው ከኋላ ተነሱ። "ሁሉ ሲያጽናናኝ ቃልቤሳ ብቻ ጮኾ ሄደ፣ ለቅሶ አልደረሰኝም ብዬ ተቀይሜው ነበር እኮ" አሉ። ወደ ጋሽ ዱጉማ ዞሩ። "ለካ መጥቶልኝ ነበር። ምሰሶውን ከእጁ ነጥቃችሁ የመለሳችሁብኝ እናንተ ናችሁ!"

ጋሽ ዱጉማ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ቃልቤሳ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለት።

ስንወጣ ቀናው ተከተለኝ። "ዳሲቱ፣ ያቺን ንግግሩን ለሚቀጥለው ቲያትር ልጠቀምባት?"

"እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ባለቤቱ ያውና።"

ሄዶ ቃልቤሳ ፊት ቆመና ጠየቀው። ቀናው ትንሽ ጠበቀ፣ ሰዓቱን አየ፣ ደግሞ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ትከሻውን ነቅንቆ፣ ዝም ማለት እሺ ማለት ነው ብሎ ሄደ። ቃልቤሳ "አይሆንም" ያለው ቀናው ታክሲ ከተሳፈረ በኋላ ነው።