ያልደፋሁት አመድ

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት መቱ ውስጥ፣ በቀበሌያችን የብስባሽ ጉድጓድ አፍ ላይ የነበርነው አምስት ነን፦ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ጠመንጃ የያዘው አብዮት ጠባቂ፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ እናቴ እና እኔ። ሌላ ሰው ነበር የሚል ካለ ተሳስቷል።

የደርግ ዘመን ነውና ትእዛዙ በስብሰባ ተነግሮናል። እያንዳንዱ ቤት የምድጃውን አመድና የዶሮውን ኩስ አምጥቶ ለማኅበሩ እርሻ በአንድ ጉድጓድ ይደፋል። እምቢ ያለ ጓሮውን ያስረክባል። የእኛ ጓሮ አሥራ አራት እርምጃ በዘጠኝ ነው። የምንኖረው እናቴ እዚያ አብቅላ በምትሸጠው ነጭ ሽንኩርት ነበር።

ኩሱን በጣሳ እየዛቅሁ ደፋሁ። አመዱን ግን በጆንያው እንደተቋጠረ ከጉድጓዱ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። ሦስት ወር ሙሉ ከሰሉን ለቅሜ፣ በወንፊት ነፍቼ፣ ዝናብ ሳላስነካ ያቆየሁት ነው። አመድ ከእርጥብ ኩስ ጋር ሲገናኝ የኩሱ ኃይል ሽታ ሆኖ ይበናል። ማንም አላስተማረኝም፤ በሁለት ጣሳ ሞክሬ ነው ያወቅሁት።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አብረው አይሆኑም። አመዱ በኋላ መሬቱ ላይ ይበተን።»

«ይኼን የት ተማርክ?»

«ጓሯችን።»

ልብስ ሰፊው ጣልቃ ገቡ። «ተወው ጓድ። እኔ ሰው ስለካ እንኳ እንዲህ አልጨነቅም፤ እሱ አመድ ይለካል።»

ጠባቂው ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም።

ጣሳው ውስጥ በቀረው ኩስ ላይ አንድ እፍኝ አመድ ጨምሬ አማሰልኩ፤ በኮባ ቅጠል ከደንኩና ትንሽ ቆይቼ ለሊቀመንበሩ ሰጠሁት። ገልጦ አሸተተ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ኩስ ሽቶ እንዲሆን ፈለግህ?»

«ይህ የሚወጣው ለሰብሉ የሚሆነው ነው።»

«ሁሉም ደፍቷል፤ አንተ ማን ነህ? ድፋ፣ አለዚያ ሰኞ ጓሮው ይታጠራል።»

«ድፋው ልጄ፤ አመድ ነው» አለች እናቴ።

«አልደፋም» አልኩ። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። ጆንያውን ተሸክሜ ሄድኩ፤ እሷም ተከተለችኝ።

እሑድ አመዱን በየእርምጃው አንድ እፍኝ እየበተንኩ በመኮትኮቻ ከአፈሩ ጋር ቀላቀልኩት።

«በሰንበት? ያውም ለሚወስዱት?» አለች እናቴ።

«መሬቱ ምን አደረገ?»

መጥታ ሁለት እጇን ዘረጋች። አመድ ሞላሁላት።

ሰኞ ታጠረ። ያን ክረምት የምንሸጠው አልነበረንም። ጓሮውን ሊወስዱ ችለዋል፤ ስህተት መሆኑን የማውቀውን ነገር በእጄ ሊያሠሩኝ ግን አልቻሉም። አልተጸጸትኩም።

አንድ ነገር ይጎድለኛል። እኔና እናቴ ከሄድን በኋላ ጉድጓዱ አጠገብ የቀራችሁት ሦስታችሁ ምን ተባባላችሁ? ጓሯችን እንዲታጠር የተወሰነው ያን ጊዜ ነው ወይስ ቀድሞ አልቆ ነበር? መልሱ ያደረግሁትን አይለውጠውም። የምታስታውሱ ግን ጨምሩበት፤ የተሳሳትኩትም ካለ አርሙ።